የሶዲየም በር ጠባቂው መምህር ጉግሳ

ማስረዳት የጀመረን ሰው የሚያስቆም መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ጉንፋን በሳምንቱ ይለቃል፤ ዝናብ ያባራል፤ መብራት እንኳ ሄዶ ሄዶ ይመለሳል። አስረጂ ግን አንዴ ከያዘ ያዘ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ግቢ ዲላ ውስጥ ካለ ኪራዩ ሳይወደድ አይቀርም።

ባርናባስ የተከራየበት ግቢ ኪራዩ ርካሽ ነበር። ምክንያቱን ያወቀው ዕቃውን አራግፎ፣ አልጋውን ገጣጥሞ፣ ሚስቱ ትንቢት መጋረጃውን ከሰቀለች በኋላ ነው። ፊት ለፊት ካለው ክፍል ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ወጥተው «እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ። ባርናባስ ትከሻውን እያሻሸ «እንኳን ደህና ቆዩን፤ ይቅርታ፣ ክንዴ ዝሎ ነው የማልጨብጥዎት» አለ። ትልቅ ስሕተት ነበር።

«ክንድህ ለምን እንደሚዝል ታውቃለህ?» አሉ ሰውዬው ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው። «ነገሩ ቀላል ነው!»

ትንቢት ያቀረበችው ምሳ ቀዘቀዘ፤ እንደገና ተሞቀ፤ እንደገና ቀዘቀዘ።

እኚህ ሰው የተከበሩ መምህር ጉግሳ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለሕክምና ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የሰውነትን አሠራር ያስተምራሉ። ከሰሜን መጥተው ዲላ ከገቡ ብዙ ዘመናቸው ነው። ላጤ ናቸው። ለምን እንዳላገቡ የጠየቃቸው ሰው የለም፤ ያስረዳሉ ተብሎ ይፈራል።

የሚያስረዱት አንድ ነገር ብቻ ነው። ችግሩ፣ በዚያ በአንድ ነገር ዓለምን በሙሉ ያስረዳሉ።

«ሴል ማለት ቤት ነው» ይላሉ። «ግድግዳው ላይ በሮች አሉ። ሶዲየም የሚገባበት በር አለ፤ ፖታሲየም የሚወጣበት በር አለ፤ ካልሲየም የሚያልፍበት በር አለ። ነርቭህ መልእክት የሚያደርሰው፣ ጡንቻህ የሚኮማተረው፣ ልብህ የሚመታው እነዚህ በሮች በየተራ ሲከፈቱና ሲዘጉ ነው። ሶዲየም ሲገባ ሴሉ ይነሳሳል፤ ፖታሲየም ሲወጣ ይረጋጋል። ሴሉ ደግሞ ሞኝ ባለቤት አይደለም! ሁከት ሲበዛበት በሮቹን ይቆልፋል፤ አንዳንዱንም ነቅሎ ወደ ጓዳ ያስገባል። ጸጥታ ሲበዛበት አዲስ በር ሠርቶ ያቆማል። ግድግዳው ኤሌክትሪክ የተሸከመ፣ መብረቅ በእጁ ይዞ የሚኖር ሰው የቱን በር መቼ እንደሚከፍት ማወቅ የለበትም?»

እዚህ ድረስ ያለው መግቢያው ነው። ዋናው ትምህርት ቀጥሎ ይመጣል።

የግቢው ባለቤት እትዬ ሸዋአለም አንድ ቀን ሚጥሚጣ ሲፈጩ ብናኙ አፋቸውና ዓይናቸው ውስጥ ገባ። «ውኃ! ውኃ!» እያሉ ግቢውን ሲዞሩ ሊቀ ሕዋሳት መምህር ጉግሳ ደረሱ። ውኃ ግን አልያዙም። «እትዬ፣ ሚጥሚጣ አያቃጥልም እኮ!» አሉ። «የሚያቃጥል ይመስልዎታል እንጂ። ትኩስ ነገር ሲነካን የሚከፈት በር አለ፤ ሚጥሚጣ ያንን በር በውሸት ያንኳኳል። ሴሉ እሳት የመጣ መስሎት ይጮኻል።» እትዬ ሸዋአለም እንደ ሴላቸው ጮኹ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚጥሚጣ የሚያስፈጩት ጎረቤት ቤት ነው።

መምህር ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ሄደው ደግሞ፣ ሐኪሙ ማደንዘዣውን ከወጋ በኋላ መርፌው የሶዲየምን በር እንዴት እንደሚደፍን አፋቸውን ከፍተው ያስረዱት ጀመር። የግማሽ አፍ ንግግር ስለሆነ ሐኪሙ ደጋግሞ «ምን አሉኝ?» ይላል፤ እሳቸውም ደጋግመው ያብራራሉ። ሲጨርሱ ማደንዘዣው ለቅቋል። ጥርሱ በጩኸት ወጣ ይላሉ። እሳቸው ግን «የሶዲየሙ በር መከፈቱን በገዛ መንጋጋዬ አረጋገጥኩ» ብለው በደስታ ነው የተመለሱት።

ባልና ሚስት ተጣልተው መምህር ለሽምግልና የተጠሩ ዕለት የሆነውንም ሰፈሩ አይረሳውም። ሌሎቹ ሽማግሌዎች «ታገሱ፣ ልጆቻችሁን አስቡ» አሉ። የእሳቸው ተራ ሲደርስ፣ እያንዳንዱ ነርቭ የመታገሻ ልክ እንዳለው፣ ከልኩ ያነሰ ነገር ቢነካካው እንደማይመልስ፣ ልኩ ካለፈ ግን ግማሽ ቁጣ የሚባል ነገር እንደሌለና ሙሉውን እንደሚተኩስ አስረዱ። አስረድተው አስረድተው ባልና ሚስቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። ታርቀው አልነበረም፤ አብረው እየሸሹ ነበር። እስከ ዛሬ ግን አልተጣሉም።

መብራት ሲጠፋስ? ግቢው በሙሉ ጨለማውን ሲራገም ክቡርነታቸው በራቸው ላይ ቆመው «መብራት የለም አትበሉ!» ይላሉ። «እያንዳንዱ ሴላችሁ ቆዳ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ለቀጭንነቱ ሲሰላ ከመብረቅ አይተናነስም!»

«እንግዲያው አንድ አምፖል ያብሩልኝና ራቴን ልብላ» ይላል ባርናባስ።

ባርናባስ የእሸት ቡና ሰብሳቢ ነው። በቡና ሰሞን ከማለዳ እስከ ማታ ጪጩና ዙሪያዋ እየዞረ ቀይ ቡና ከገበሬ ይረከባል፤ ጆንያውን ራሱ ተሸክሞ ይጭናል፤ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ያደርሳል። እንዲህ ያለ ሰው ሲመሽ የሚፈልገው እግሩን ታጥቦ መቀመጥ ነው። ስለዚህ ከመምህር የማምለጥን ጥበብ ከማንም በላይ አሳደገው። ሞተሩን ግቢው ውስጥ ሳያጠፋ ያቆማል። ማንም ሳይደውልለት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ!» እያለ ያልፋል። አንድ ጊዜ ስልኩ ጆሮው ላይ እንዳለ ጠራ። መምህር ግን አልታዘቡትም፤ ድምፅ በጆሮ ውስጥ የትኛውን በር ከፍቶ ነርቭ ላይ እንደሚደርስ አስረዱት።

በዚያ ዓመት ባርናባስ ከሳ። የሚገርመው የሚበላው ጨምሮ ነበር። ትንቢት ለሁለት ሰው የሚበቃ ታቀርባለች፤ ጠርጎ ይነሳል፤ ቀበቶው ላይ ግን አዲስ ቀዳዳ ይበሳል። ጠዋት በብርዱ ያልበዋል። በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። የውኃ ብርጭቆ ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል። ትንቢት «የቡና ሰሞን ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» አለች። እሱም እንዲያ አለ።

የእጁን መንቀጥቀጥ ከሁሉም ቀድመው ያዩት መምህር ጉግሳ ናቸው። በጣምም ደስ አላቸው። አንድ ቅዳሜ ሁለት ሦስት ተማሪዎቻቸው መጽሐፍ ሊዋሱ ሲመጡ «ባርናቤ፣ እስቲ እጅህን ወደፊት ዘርጋልኝ» አሉት። ዘረጋ። ጣቶቹ ላይ ወረቀት አኖሩበት፤ ወረቀቱ እንደ ቅጠል ረገበገበ። «ተመልከቱ እንግዲህ! እንዴት ያለ የጠራ ንዝረት ነው! የዚህ ሰው ነርቮች በሮቻቸው ላልተዋል። ለምን ይላላሉ? ነገሩ ቀላል ነው…» ተማሪዎቹ ቆመው ጻፉ። ባርናባስ ወረቀት ተሸክሞ ቆመ። ሲጨርሱ «አመሰግናለሁ፤ እጅህን መመለስ ትችላለህ» አሉት። እሱም እጁን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

የአጎቱ ልጅ ሠርግ ጪጩ ላይ የተደገሰው በቡናው ማብቂያ ነው። ባርናባስ ያን ዕለት ጠዋት የመጨረሻውን ጭነት ጭኖ፣ ወገቡ እስኪቆረጥ ጆንያ ተሸክሞ፣ ልብሱን ቀይሮ ሄደ። መዘምራን ዘመሩ፤ ፓስተሩ ባረኩ፤ ገበታ ቀረበ። ባርናባስ ቆጮውን በላ፤ ዳቦውን በላ፤ ኬኩን በላ፤ ለስላሳውን አንዱን ከሌላው እያስከተለ ጠጣ። የሙሽራው እናት «አቤት አበላል! እንዲህ የሚበላ ሰው ደስ ይላል» ብለው ጨመሩለት። ማታ ቤቱ ገብቶ እንደ ግንድ ተኛ።

ጠዋት ሲነቃ ተነስቶ ሊወጣ እግሩን አዘዘ። እግሩ አልሰማም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እግርም ባዳ ይሆናል ብሎ ያስጠነቀቀው ሰው ግን አልነበረም። እንደገና ሞከረ። ጭኑ የራሱ ጭን ነው፤ ትንቢት ስትነካው ይሰማዋል፤ ግን አይታዘዝም። ክንዱን ሊያነሳ ሞከረ፤ ጥቂት ከፍ ብሎ ፍራሹ ላይ ወደቀ። አፉ ብቻ ደህና ነበር።

«ትንቢት፣ አልንቀሳቀስ አለኝ» አለ።

ትንቢት ጮኸች። እትዬ ሸዋአለም ነጠላቸውን እያጣፉ ደረሱና አንድ ጊዜ አይተው «ምች ነው! ትናንት ላብ ላይ ንፋስ መትቶት ነው። ዳማከሴ ይጨመቅለት» አሉ። ትንቢት በአንድ እጇ የባሏን እግር እያሻሸች በሌላው ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደወለች። ባርናባስ ጣሪያውን እያየ አባቱን አሰበ፤ የሁለት ዓመት ልጁን አሰበ፤ ዳግመኛ ጆንያ የማይሸከም ሰው በዚህ አገር ምን ይሠራል ብሎ አሰበ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የሚጠርግበት እጅ ግን አልነበረውም።

በዚህ መሀል፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ የጥርስ ብሩሻቸውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ፣ የሶዲየም በር ጠባቂው መምህር ጉግሳ ገቡ።

ብሩሻቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ስነካህ ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል።»

«ትናንት ምን ሠራህ?»

«ጆንያ ጫንኩ።»

«ምን በላህ?»

«ቆጮ… ዳቦ… ኬክ።»

«ለስላሳስ?»

«ብዙ።»

መምህር ጉግሳ የእግራቸውን ሸበጥ አወለቁና የባርናባስን ጉልበት በጠርዙ ቸብ አደረጉት። ጉልበቱ አልደነገጠም። ሌላውን መቱ፤ እሱም አልደነገጠም። ፊታቸው በራ። «ድንቅ ነው!» አሉ። «ድንቅ!»

«የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» አሉ እትዬ ሸዋአለም በቁጣ። «ሰው ሊሞትብን ነው፣ እርስዎ ድንቅ ይላሉ?»

«ልክ ብለዋል እትዬ፤ ነገሩ የጨው ነገር ነው!» አሉ መምህር፤ ተግሣጹ ግን አልገባቸውም። ወንበር ሳቡና የባርናባስ ራስጌ ተቀመጡ። «ነገሩ ቀላል ነው…»

ባርናባስን በዚያች ቅጽበት የያዘው ፍርሃት ከሞት ፍርሃት ይለያል። ሞተር የለም። ስልክ የለም። በሩ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው፤ እሱ ግን በሩ ጋ የሚያደርስ እግር የለውም። እኚህ ሰው ስንት ዘመን ያሳደዱትን ሰው ዛሬ አልጋው ላይ ተጋድሞ አገኙት።

«ደምህ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ጠፍቷል» ብለው ቀጠሉ። «የት ሄደ? ወደ ሴሎችህ ውስጥ ገባ! እያንዳንዱ ሴል ፖታሲየምን ከደም እየቀዳ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ፓምፕ አለው። ጣፋጭና ስታርች ስትበላ ሰውነትህ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊን ፓምፑን ያፈጥነዋል። እንዳንተ ያለ ሰው ላይ ደግሞ ፓምፑ ከመጀመሪያውም በዝቷል። ፖታሲየሙ ከደም ሲጠፋ የጡንቻህ ማረጋጊያ በር ይበላሻል፤ የሶዲየሙ በር ተቆልፎ ይቀራል። አንጎልህ ‘ተነስ’ ይላል፤ ነርቭህ መልእክቱን አድርሶ ያንኳኳል፤ ጡንቻው ጋ ግን የሚከፍት የለም! ይህ የታወቀ ሕመም ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከእንቁራሪት እግር ነው። ድሮ አንድ ሊቅ…»

«መምህር» አለ ባርናባስ።

«…የእንቁራሪት እግር ሽቦ ላይ ሰቅሎ…»

«መምህር፣ ልቤ።»

«ልብህ ምን?»

«እየዘለለ ይመታል። አሁን ደግሞ… ቆም ይላል።»

መምህር ጉግሳ ጣታቸውን አንጓው ላይ አሳረፉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን እንደ ዲላ መብራት ድንገት ጠፋ። እንቁራሪቷን ሽቦው ላይ ትተዋት ተነሱ። ብርድ ልብሱን ገለጡ፤ ጎንበስ ብለው ባርናባስን ጀርባቸው ላይ አዘሉት። ደግነቱ ከስቶ ነበር፤ ያም ሆኖ ሁለቱ ሲታዩ ጉንዳን ፌንጣ የተሸከመ ይመስላል። ትንቢት ከኋላ እግሩን ይዛ፣ እትዬ ሸዋአለም ከፊት «ባጃጅ! ባጃጅ!» እያሉ ወጡ። መምህር ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ሸበጣቸው የባርናባስ አልጋ ሥር ቀርቷል።

ባጃጁ ያደረሳቸው ቅርብ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ነው። ሲስተር ቆንጅት ሥራዋን የምታውቅ ፈጣን ነርስ ነች። በሽተኛው ራሱን ችሎ አይቀመጥም፤ ያልበዋል፤ ሰውነቱ የከሳ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ አቅም እንዲያገኝ ግሉኮስ ይሰቀልለታል። ቤተሰብም ግሉኮስ ሲሰቀል ካላየ ታከመ ብሎ አያምንም። ሲስተር ቆንጅት ከረጢቱን ሰቀለች፤ ክንዱን በላስቲክ አሰረች፤ ሥር ፈለገች።

መምህር ጉግሳ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አነበቡ። ጣታቸው ወደ ሰማይ ወጣ።

«ሲስተር፣ አንድ ጊዜ። ነገሩ ቀላል ነው። የማንኛውም ሴል ግድግዳ ሁለት ንጣፍ አለው…»

«መምህር፣ ውጪ ይጠብቁን» አለች ጥጥ በአልኮል እየነከረች።

«…በንጣፉ መሀል በሮች ተተክለዋል፤ በሮቹ በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛ፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ…»

«ቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ ይቁም።»

መርፌው ገባ። ፕላስተሩ ተለጠፈ። ሲስተር ቆንጅት እጇን ወደ ቱቦው መክፈቻ ላከች። መምህር ገና ሁለተኛ ላይ ነበሩ። ባርናባስ ግን የሰውዬውን ዓይን አየ። ያ ዓይን ሲያስረዳ እንደ ልጅ የሚፈነድቅ ዓይን ነበር፤ አሁን ፈርቷል። በጣም ፈርቷል፤ አፉ ግን የለመደውን መንገድ ትቶ በአቋራጭ መሄድ አቃተው።

«አንተ ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ ባርናባስ። አንቱታው በዚያች ደቂቃ ወደቀ። «በእግዚአብሔር ስም፣ ባጭሩ!»

የመምህር ጉግሳ ጣት ወረደ። ከዚያ በሕይወታቸው አጭሩን ትምህርት ሰጡ።

«ግሉኮሱ ይገድለዋል።»

የሲስተር ቆንጅት እጅ ቱቦው ላይ ቆመ። ዞር ብላ አየቻቸው። «ምን አሉ?»

«ፖታሲየሙ ወርዷል። ግሉኮሱ የቀረውን ያወርደዋል።»

እሷ ቱቦውን አልከፈተችም። ከረጢቱን ከማንጠልጠያው አወረደችና «ይህን ከመጀመሪያው አይሉም ነበር?» አለች። ሐኪሙን ጠራች፤ የልብ ምት መመዝገቢያ መሣሪያው ተገጠመ። ከመሣሪያው የወጣውን ወረቀት ሐኪሙ አይቶ ፊቱ ተለወጠና ባርናባስን ወደ ሆስፒታል በአምቡላንስ ላከው።

ሆስፒታል የደም ምርመራው መምህር ያሉትን አረጋገጠ። ፖታሲየሙ በአስፈሪ ሁኔታ ወርዷል። ሆስፒታሉ ግን መድኃኒቱን ያን ዕለት ጨርሶ ነበር፤ ሐኪሟ «ከውጭ ፈልጋችሁ አምጡ፣ ቶሎ» ብላ ወረቀት ጻፈች። መምህር ወረቀቱን ተቀብለው ወጡ። ያን ጊዜ ዝናብ ጀምሮ ነበር።

አብራቸው የሄደችው ትንቢት በኋላ ለባርናባስ እንደነገረችው፣ ሰውዬው መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት በባዶ እግራቸው ሮጠዋል። እየገቡ «ፖታሲየም!» ይላሉ፤ የለም ሲባሉ ይወጣሉ። አንዱ ፋርማሲስት ተማሪያቸው የነበረ ኖሮ «መምህር፣ ለምን ይሆን የፈለጉት?» ብሎ በትሕትና ቢጠይቃቸው፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሳይመልሱለት ወጡ። የተገኘው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ካለች ጠባብ መድኃኒት ቤት ነው። ሲመለሱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ፤ የአንድ እግራቸው አውራ ጣት ይደማል።

መድኃኒቱ ጨው ጨው የሚል መራራ ውኃ ነው። ትንቢት በማንኪያ አጠጣችው። ሐኪሟ እየመጣች ልቡን ታያለች፤ ደሙን እንደገና ትወስዳለች። መምህር ጉግሳ አልጋው ግርጌ ተቀምጠው የባርናባስን እግር ያያሉ። አንድም ቃል አይናገሩም። ባርናባስን ዝምታው አስፈራው። እየሞትኩ ይሆን እንዴ ብሎ ትንቢትን በዓይኑ ጠየቃት።

ወደ ከሰዓት የግራ እግሩ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ነው፤ አንሶላው ላይ የምታልፍ ጥንዚዛ ያህል። ትንቢት «ጌታ ሆይ!» አለች። መምህር ጉግሳ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ምን ሆንክ?» አለ ባርናባስ። አንቱታው ከወደቀበት አልተነሳም።

«አይቼው አላውቅም ነበር» አሉ መምህር። «ይህን ሕመም በየዓመቱ አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ እስለዋለሁ፣ ለፈተና አወጣዋለሁ። የያዘውን ሰው ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሰሌዳው ላይ ሲሆን… አይፈራም።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ልቡ ይራራ ነበር። ባርናባስ ግን ከጠዋት ጀምሮ ዓይኑን ብቻ እያንቀሳቀሰ የዋለ ሰው ነው፤ ሲያስብ ውሏል።

«እጄን አይተሃል» አለ።

«እ?»

«ወረቀት አስቀምጠህበት ለተማሪዎችህ አሳይተሃል። ከሁሉም በፊት ያየኸው አንተ ነህ። አስረዳኸኝ፤ አስረዳሃቸው። ‘ባርናባስ፣ ሄደህ ታከም’ ግን አላልክም። አንድ ቃል ነበር እኮ።»

መምህር ጉግሳ አፋቸውን ከፈቱ። ሰውዬው ስለ መንቀጥቀጥ የሚያውቁት ሁሉ እዚያ ምላሳቸው ላይ ነበረ፤ አንዱም ለዚህ መልስ አልሆነም። «ልክ ነህ» አሉና ዘጉት።

ምክንያቱ በሚቀጥሉት ቀናት ታወቀ። አንገቱ ውስጥ ያለው ታይሮይድ የሚባል ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ከርሟል። መክሳቱም፣ ላቡም፣ ቁጣውም፣ የእጁ መንቀጥቀጥም፣ የሴሎቹ ፓምፕ መብዛትም ከዚያ ነው። በኪኒን የሚገራ ሕመም ነው አሉት። ኪኒኑ እስኪሠራ ድረስ ደግሞ በድካም ላይ ጣፋጭና ድግስ እንዳያበዛ አስጠነቀቁት። እትዬ ሸዋአለም ይህን ሰምተው «አላልኳችሁም? ምች ነው» አሉ።

ባርናባስ በራሱ እግር ወደ ግቢው ተመለሰ፤ ቀስ በቀስም ሰውነቱ ተመለሰ። የተለወጠው ሌላ ነገር ነበር። መምህር ጉግሳ ግቢው ውስጥ ሲያገኙት ሰላም ብለው ያልፋሉ። እትዬ ሸዋአለም ስቅ ሲላቸው እንኳ የመምህር ጣት ጥቂት ተነሳና ተመልሶ ኪሳቸው ገባ። ግቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ። ባርናባስ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደስ እስኪለው ጠበቀ።

በመጨረሻም መምህር በሩን አንኳኩ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር። እምቢ ብትለኝ አልቀየምም» አሉ። «ተማሪዎቼ… የሆነውን ከአንተ አፍ ቢሰሙ ብዬ ነው። እኔ አልናገርም። ወረቀትም አላስቀምጥብህም።»

ትንቢት ባሏን አየችው። ባርናባስ አገጩን አከከ። «መቼ ነው?» አለ።

ስለዚህ አንድ ሐሙስ ጠዋት እሸት ቡና ሰብሳቢው ባርናባስ የሠርግ ኮቱን ለብሶ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ ነጭ ጋውን በለበሱ ተማሪዎች ፊት ቆመ። መምህር ጉግሳ «ጠይቁት» ብቻ አሉና ኋላ ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ተያዩ፤ መምህራቸው እንዲህ ሲያጥሩ አይተው አያውቁም። ከዚያ ጠየቁ። ሲነቃ መጀመሪያ ምን ተሰማው? ያመው ነበር? የትኛው ቀድሞ ተመለሰ፣ እግሩ ወይስ እጁ? ባርናባስ መለሰ። ስለ ጆንያው፣ ስለ ኬኩ፣ እንባውን የሚጠርግበት እጅ ስለማጣቱ ነገራቸው። አንዲት ልጅ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችው።

በመጨረሻ ከመሀል አንድ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዓይኑ ተንኮል የሞላበት፣ እጁን አወጣ። «ጋሼ ባርናባስ፣ ያው… ከመምህር ጋር አንድ ግቢ መኖር እንዴት ነው? በግልጽ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባርናባስ ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረ መሰለው። የሚጥሚጣው አለ፤ የጥርሱ አለ፤ የባልና ሚስቱ አለ፤ እንቁራሪቷ አለች። አፉን ሊከፍት ሲል ወደ ኋላ ተመለከተ። መምህር ጉግሳ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ይህ ሰውዬ» አለ ባርናባስ፣ «በጣም ይደክማል።»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ከኋላ ግን አንድ ጣት ተነሳ፤ ራሳቸውን መግታት አልቻሉም።

«ያደክማል» አሉ መምህር ጉግሳ። «ሰዋስዉን እናስተካክለው። ራሱ ከሆነ ይደክማል፣ ሌላውን ከሆነ ያደክማል። አንተ ለማለት የፈለግከው…»

«የፈለግኩትን አውቃለሁ» አለ ባርናባስ። «ይደክማል ነው ያልኩት። እኔን አዝሎ፣ በዝናብ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ለሰው ይደክማል።»

መምህር ጉግሳ የተነሳ ጣታቸውን ምን እንደሚያደርጉት ጠፋቸው፤ ቀስ ብለው መነጽራቸውን ነኩበት። ተማሪዎቹ ማስታወሻቸው ላይ አቀረቀሩ።

«እሺ» አለ ባርናባስ የኮቱን ቁልፍ እያስተካከለ፣ «ሌላ ጥያቄ ያለው?»